ቤቱ ከት/ቤቱ ጋር ይሸጣል? የክፍያና የሠፈር ሒሳብ

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «ለልጆቹ ትምህርት ብለን ቤት ገዛን» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። በአዲስ አበባም አንድ ደላላ ቤት ሲያሳይ «አጠገቡ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ» ማለትን አይረሳም። ሁለቱ አነጋገሮች ይመሳሰላሉ፤ በስተጀርባቸው ያለው ሒሳብ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ልዩነቱን ያልለየ ገዢ ለማይረከበው ዕቃ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ የሞንጎምሪ ካውንቲና በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም። ልጁ የሚመደበው ግን በመኖሪያ አድራሻው ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን ስላለው፣ ከአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች ለተለያዩ ትምህርት ቤቶች ሊመደቡ ይችላሉ። በዚህ የተነሳ ቤት የሚገዛ ሰው ከጣሪያውና ከግድግዳው ጋር የትምህርት ቤቱን ወንበር አብሮ ይገዛል።

ሳንድራ ብላክ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ ግዛት በእንዲህ ዓይነት ወሰኖች ግራና ቀኝ የሚገኙ ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት 5 በመቶ ሲበልጥ፣ ወላጆች ለቤቱ በ2.5 በመቶ ገደማ የበለጠ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ነጻ የሚባለው ትምህርት ነጻ አይደለም፤ ዋጋው በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው።

የተደበቀው ዋጋ ከግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር እንዴት ይመዘናል? ለምሳሌ ያህል በተሻለው ወሰን ውስጥ ያለው ቤት በ150,000 ዶላር ይወደዳል እንበል። የብድሩ ወለድ 7 በመቶ ከሆነ በዓመት 10,500 ዶላር ይመጣል። የንብረት ግብሩ በ1 በመቶ ቢታሰብ 1,500 ዶላር ይጨመርና ድምሩ 12,000 ዶላር ይሆናል። የግል ትምህርት ቤቱ ለአንድ ልጅ በዓመት 10,000 ዶላር ቢያስከፍል፣ አንድ ልጅ ብቻ ላለው ቤተሰብ ክፍያው ይረክሳል። ልጆቹ ሁለት ሲሆኑ ግን 20,000 ዶላር ስለሚደርስ ሚዛኑ ወደ ቤቱ ያደላል። ምክንያቱም ክፍያ በልጅ ቁጥር ይባዛል፤ ቤት አይባዛም።

ሌላው ልዩነት ዋናውን ገንዘብ ይመለከታል። ለትምህርት ቤት የተከፈለ ገንዘብ ሄዷል። በቤቱ ላይ የተጨመረው 150,000 ዶላር ግን ወሰኑ እስካልተቀየረና የትምህርት ቤቱ ስም እስካልወደቀ ድረስ ቤቱ ሲሸጥ ሊመለስ ይችላል።

ሒሳቡ በወለድ ላይ የቆመ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከ3 በመቶ በታች ነበር። በጥቅምት 2023 ግን ከ7.5 በመቶ በላይ ወጥቷል። በ3 በመቶ ጊዜ የዚያው 150,000 ዶላር ወለድ በዓመት 4,500 ዶላር ብቻ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወንበሩ ከአድራሻው ጋር ስለታሰረ ነው። በአዲስ አበባ ግን አብዛኛው ነጋዴና ባለሀብት «ጥሩ ትምህርት ቤት» ሲል የግሉን ማለቱ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብት በር ከከፈተ ወዲህ የግል ትምህርት ቤት ወንበር የሚገኘው በመክፈል እንጂ በአቅራቢያው በመኖር አይደለም። አጥር ተጋርቶ የሚኖረው ጎረቤትም፣ ከአያት የሚመጣውም የሚከፍሉት እኩል ነው። ከዚህም በላይ በኪራይ ግቢ የሚሠራ ትምህርት ቤት አከራዩ ውሉን ካላደሰለት ሊነሳ ይችላል፤ ቤቱ ግን ባለበት ይቀራል።

አሁንም በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ ለሁለት ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው በወር 6,000 ብር እየከፈለ፣ በ10 ወር 120,000 ብር ያወጣል እንበል። ለሰርቪስ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው በወር 2,500፣ በዓመት 50,000 ብር ይከፍላል። ደላላው «ትምህርት ቤቱ ሥር ነው» ያለውን ቤት 2,000,000 ብር ጨምሮ ቢገዛ የሚተርፈው የሰርቪሱ 50,000 ብር ብቻ ነው። ይህም ከጨመረው ገንዘብ 2.5 በመቶ ነው። ክፍያው አይቀርለትም። እንዲያውም በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር 120,000ው ብር ከ4 ዓመት በኋላ ወደ 249,000 ብር ይጠጋል።

ያ 2,000,000 ብር በመደብሩ ውስጥ ዕቃ ሆኖ ቢገለበጥ ምን ያህል ያተርፍ እንደነበር ከነጋዴው በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቱን በሌላ ምክንያት ማለትም ገንዘቡ በዋጋ ንረት እንዳይበላ ብሎ ሊገዛው ይችላል። ያ ራሱን የቻለ ምክንያት ነውና በልጆቹ ትምህርት ስም መመዝገብ የለበትም።

ሒሳቡ የሚለወጠው ቤተሰቡ በሠፈሩ ወዳለ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቹን ለማስገባት ከቆረጠ ነው። ያን ጊዜ የሚተርፈው ክፍያና ሰርቪስ ተደምሮ 170,000 ብር፣ ማለትም 8.5 በመቶ ይሆናል። የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ በጨመረ ቁጥርም ትርፉ ያድጋል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የሠፈሩን ልጅ በእርግጥ የሚያስቀድም መሆኑን ከወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውጤቱንም እንዲሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሲታወስ፣ ስምና ግቢ ብቻ አይቶ መወሰን እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው መንገድ

ለብዙ የከተማ ቤተሰብ የሚሻለው መንገድ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም በዕጣ ስለሚሰጥ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ የደረሰው ሰው ሠፈሩን በትምህርት ቤት አልመረጠም። የራሱን ቤት አከራይቶ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ቢከራይ፣ መመዘን ያለበት የሁለቱን ኪራዮች ልዩነት ከሰርቪሱና ልጆቹ በመንገድ ላይ ከሚያጠፉት ጊዜ ጋር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ዘመን ቢያንስ 2 ዓመት ማድረጉ ለተከራዩ ወላጅ መጠነኛ ዋስትና ይሰጣል። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ሚሊዮኖች ታስረው አይቀሩም።

እንግዲህ በድርድር ላይ «ትምህርት ቤቱ አጠገቡ ነው» ሲባል ገዢው አንድ ጥያቄ ያንሳ፤ «ይህን ቤት ስገዛ የትኛው ክፍያ ይቀርልኛል?» መልሱ ሰርቪስ ብቻ ከሆነ፣ በቤቱ ላይ የሚጨመረው ዋጋም ከሰርቪስ ዋጋ ማለፍ የለበትም።