ስልኬ ያላየውን ሰውነቴ ያሳየኝ ነበር

ኢንስፒራዳ የሚባለው ሰፈራችን በሄንደርሰን ከተማ ውስጥ ነው፤ እኛ ሐበሾች ግን ሁሉንም «ቬጋስ» ነው የምንለው። ቤታችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ቤቱን ስንገዛ «የልጅ ክፍል» አልናት። እስካሁን ያለባት ግን ብስክሌትና ባዶ ካርቶን ነው።

36 ዓመቴ ነው። ልጅ ለመውለድ ስድስት ወር ሞከርን፤ አልሆነም። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ መጀመሪያ ያደረግኩት ስልኬ ላይ አንድ አፕ መጫን ነበር። የወር አበባዬ የሚጀምርበትን ቀን አስገባሁ። አፑም በየወሩ በ14ኛው ቀን «ዛሬ ነው» ይለኛል። እኔና ባለቤቴም እንታዘዛለን።

ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ የሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካላረገዘች ሐኪም ብታይ ይመከራል። እኔም ሄድኩ። ሐኪሟ ምርመራ አዘዘችና «በወሩ መሀል ሰውነትሽ ምን ምልክት ያሳይሻል?» አለችኝ። «የምን ምልክት?» አልኳት። ስዊድን ማስተርሴን ስሠራ ስንት ዓይነት ዳታ ተንትኛለሁ። ስለ ራሴ ሰውነት ግን የምመልሰው አልነበረኝም፤ አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወር አበባ ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ፣ የሚቀጥለው ደም እስኪመጣ ድረስ ነው። በአብዛኞቹ አዋቂ ሴቶች ከ21 እስከ 35 ቀን ይሆናል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14 ቀን ነው። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው ነው። የኔ ዑደት 34 ቀን ገደማ ነው። ከ34 ላይ 14 ስንቀንስ 20 ይቀራል። የወንድ ዘር በሴት ሰውነት ውስጥ ቢበዛ 5 ቀን ያህል ይቆያል። እንቁላሉ ደግሞ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። አፑ በ14ኛው ቀን ሲጠራን እኛ ከስድስት ቀን በፊት ቀድመን እየደረስን ነበር ማለት ነው።

ምልክቶቹን ስማር በጣም የገረመኝ ፈሳሹ ነው። የወር አበባ ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን ደረቅ ይሆናል። ከዚያ ነጣ ያለና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይመጣል። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲጨምር ደግሞ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ይጠራል፣ ያንሸራትታል። በሁለት ጣት ስትይዙት ሳይበጠስ ይሳባል። ጥሬ እንቁላል ስትሰብሩ የምታዩት ነጩ፣ ልክ እሱን ይመስላል። የወንድ ዘር በሕይወት የሚቆየውና ወደ ማህፀን የሚያልፈው በዚህ ፈሳሽ ነው። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ እንደገና ይወፍራል ወይም ይጠፋል። እኔ ይህን ፈሳሽ ለዓመታት በሽታ ነው ብዬ እፈራው ነበር! (መጥፎ ሽታ፣ ማሳከክ ወይም አረንጓዴ መልክ ካለው ግን በእርግጥም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።)

ሁለተኛው ምልክት ሙቀት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እለካለሁ። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሰውነት ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ይልና እስከሚቀጥለው የወር አበባ ይቆያል። ውጭ 43 ዲግሪ በሚያቃጥልበት በቬጋስ በጋ፣ እኔ ስለ 0.3 ዲግሪ እጨነቃለሁ። ችግሩ፣ ሙቀቱ የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፈሳሹ «እየመጣ ነው» ይላል፤ ሙቀቱ «አልፏል» ይላል። ካዚኖ ውስጥ ሌሊት ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይህ መለኪያ ብዙም አይረዳትም፤ እንቅልፍ ሲዛባ ቁጥሩም ይዛባል። እሷ የምትጠቀመው በሽንት የሚመረመረውን ወረቀት ነው። እንቁላል ከመውጣቱ ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቀን ተኩል በፊት የሚጨምረውን ሆርሞን ያሳያል።

አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እኔንስ ማን ነገረኝ ልጄ?» አለች። «በእኛ ጊዜ ስሙንም ጮክ ብለን አንጠራውም። ‹መርገም› ነበር የሚባለው።»

መርገም ማለት እርግማን ነው። ዛሬ «የወር አበባ» እንላለን፤ ስሙ አማረ፣ ዝምታው ግን አልለቀቀንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ሴት የማርገዝ ዕድሏ ከፍ የሚለው መቼ እንደሆነ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። «በሁለት የወር አበባ መሀል ላይ» የሚለውን ትክክለኛ መልስ ያልሰጡት ይበዛሉ። ለኔ ግን ያ መልስ ራሱ አይበቃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ለእርግዝና አመቺ የሆኑት ስድስቱ ቀናት ሙሉ በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን የዋሉላቸው ሴቶች 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። መሀል የሁሉም መሀል አይደለም።

ይህን የምታነቡ ወጣት ሴቶች፣ ላለማርገዝ ብላችሁ በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ መጀመሪያ ከሠለጠነ ሰው ተማሩ። ትኩሳት፣ ጡት ማጥባት፣ ጭንቀትም ምልክቶቹን ሊያምታቱ ይችላሉ።

አሁን መመዝገብ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። በመጀመሪያው ወር ሙቀቴ ከፍ ያለው በ21ኛው ቀን ነው። ባለቤቴ ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ «ስንት አለ?» ይለኛል። የኔ የደም ምርመራ አልቋል፤ ማክሰኞ ተራው የእሱ ነው። መጀመሪያ «እኔ ለምን?» ብሎ ነበር፤ ምክንያቱ በወንዱም በኩል ሊሆን እንደሚችል ሐኪሟ ስታስረዳው ቀጠሮውን ራሱ ያዘ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሳልጠይቀው ብስክሌቱን ወደ ጋራዥ አወጣው።