ለመንገድ ወይስ ለፎቶግራፍ?

ልብስ ገላን ከመሸፈንና ከብርድና ከሐሩር ከመከላከል አልፎ የሰውን ጠባይና ደረጃ የሚገልጽ ምልክት ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ሰው በሚኖርበት ከተማ ሳለ ስለ አለባበሱ እምብዛም አይቸገርም፤ አየሩን ያውቀዋል፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ የሚያየውንም ሰው ያውቀዋል። ጭንቀቱ የሚመጣው ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ መምረጥ ያለበት ይመስለዋል፤ ወይ አምሮበት ይሠቃያል፣ ወይ ተመችቶት ይጎሳቆላል። እኛ ግን አምሮም ተመችቶም መጓዝ ይቻላል እንላለን። የሚቻለውም ልብሱ ለመንገዱና ለተሄደበት ሥራ ሲመረጥ እንጂ ለፎቶግራፍ ሲመረጥ አይደለም።

ይህን ጉዳይ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ማድረግ ሲጀምር፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ሲያወጣ፣ የከተማ ልጅ ለገጠር መንገድ ምን መልበስ እንደሚገባው ማሰብ ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬም ከደጋ ተነሥቶ በሰመራ፣ በጅግጅጋ ወይም በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ፣ ለጥናት ወይም ለቁጥጥር ወደ ወረዳ የሚላክ ወጣት ሠራተኛም በዚያው ጥያቄ ፊት ይቆማል።

አንድ መንገድ፣ ብዙ አየር

አገራችን በልብስ ረገድ ለመንገደኛ ቀላል አገር አይደለችም። አየሩ የሚለወጠው በወራት ብቻ ሳይሆን በሰዓታትም ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሚሄደውን ሰው እንመልከት። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ጣርማ በርን ሲሻገር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ወደ ደሴ ሲቃረብም እንደ ገና ዳገት ይወጣል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል የሚቀንስ በመሆኑ፣ ይህ መንገደኛ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ጥቂት መንገድ ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ የሆነ ልዩነት ይቀበላል ማለት ነው። ጠዋት ብርድን ፈርቶ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ የደረበ ሰው በቀትር ወይ በላብ ይጠመቃል፣ ወይ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይጓዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ መደራረብ ነው። ከውስጥ ስስ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬት። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀትን ይይዛል፤ ሙቀት ሲመጣም አንዱን ማውለቅ ይበቃል። ይህ ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም። ጋቢ አራት እጥፍ መሆኑ፣ በመንገድ ሲደረብ ልብስ፣ ሌሊት ሲዘረጋ ብርድ ልብስ፣ ሲታጠፍም ትራስ መሆኑ አባቶቻችን ነገሩን አስቀድመው እንዳሰቡበት ያስረዳል።

ለቆላው ደግሞ ሌላ ደንብ አለ፤ እርሱም ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት የበረሃ ዘላኖች ስለ ምን ጥቁር ቀሚስ እንደሚለብሱ መርምሮ ነበር። ጥቁሩ ጨርቅ ከነጩ ይልቅ የፀሐይን ሙቀት ቢስብም፣ ልብሱ ሰፊ በመሆኑ ትርፉ ሙቀት ገላ ሳይደርስ እንደሚወሰድ፣ በመጨረሻም በሁለቱ ቀለሞች ለባሹ የሚያገኘው ሙቀት አንድ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ የሚወርድ ወጣት ስለ ቀለሙ ከመጨነቁ በፊት ከገላው ጋር የተጣበቀውን ሱሪ ትቶ አየር የሚያስገባውን ቢመርጥ ይጠቀማል። የአፋር ሰው ሽርጥ መታጠቁም ሆነ የሶማሌ ሴት ሰፊ ስስ ቀሚስ መልበሷ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም።

የጨርቁም ዓይነት ሊታሰብበት ይገባል። ጥጥ በሙቀት ጊዜ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ላብና ዝናብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ በደጋም ብርዱን ያብሳል። ሱፍ እርጥበት ቢያገኘውም ሙቀቱን ይይዛል፤ ከተሸበሸበም ማታ ተሰቅሎ ካደረ በአብዛኛው ይመለሳል። ሰው ሠራሹ ክር ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያም ብዙ አይፈልግም፤ በቆላ ግን ያፍናል። ሁሉን የሚችል ጨርቅ ስለሌለ የሚሄዱበትን አገር ማወቅ ይቀድማል።

በአይሮፕላን ለሚጓዘው የሚከብደው የአየሩ ድርቀትና ለረጅም ሰዓት መቀመጡ ነው። ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ስለዚህ በጠባብ ጫማ የገባ ሰው አንድ ጊዜ ካወለቀው በኋላ መልሶ ለማጥለቅ ሲታገል ይታያል። ጫማ ከሰዓት በኋላ መግዛት የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እግር በዚያን ጊዜ ከጠዋቱ ጥቂት ይሰፋልና። አዲስ ጫማ ደግሞ ለመንገድ ከመዋሉ በፊት ጥቂት ሳምንት በሰፈር ሊለመድ ይገባል።

ጫማው የጻፈው ሪፖርት

የመንገደኛ ልብስ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ከሁሉ ይልቅ ጫማ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ የተሸረሸረ መሬት አይቶ እንዲመለስ ታዝዞ ወደ ወረዳ ሄደ እንበል። ሾጣጣና የሚያብረቀርቅ ጫማ ተጫምቷል። መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ሲቆም ፊት ለፊቱ ጭቃ ነው፤ ማሳው ደግሞ ከጭቃው ማዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ወጣቱ ጭቃውን አየ፤ ጫማውንም አየ። ከዚያ በኋላ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ከመንገዱ ዳር አቁሞ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀና ተመለሰ። ገበሬው ማሳው ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ዋለ። ሪፖርቱ በሰዓቱ ቀረበ፤ የጻፈው ግን ሰውየው ሳይሆን ጫማው ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን አለባበስ ነው አባቶቻችን «ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» ያሉት።

ጠንካራ ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ፣ ቢጠረግ ለቢሮም የማያሳፍር ቡናማ የቆዳ ጫማ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ይበቃል። ወባ ባለበት ቆላም ከምሽት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ መልበስ ጤናን መጠበቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ተወልቆ የሚገባ ስለሆነ፣ ማሰሪያው የበዛ ጫማ ከደጃፍ ላይ እንደሚያቆም፣ የተቀደደም ካልሲ ባለቤቱን እንደሚያጋልጥ መዘንጋት አይገባም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ስሕተት አለ። አንዳንድ ወጣት «ለገጠር ምን ያስፈልጋል?» በማለት የደበዘዘ ቱታ ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቆ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ስለ ተነገራቸው ኩታቸውን አሳጥበው፣ ነጭ አድርገው መጥተዋል። እርሳቸው በልብሳቸው ያከበሩትን ሰው እርሱ በልብሱ ንቋቸዋል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነት አለው። ምቾት ማለት ግዴለሽነት ማለት አይደለም፤ የታጠበ፣ የተተኮሰና ልክ የሆነ ልብስ ርካሽ ቢሆንም ባለቤቱን ያስከብራል።

ለእኅቶቻችን፣ ለወንድሞቻችንም ቢሆን፣ ነጠላን የሚተካ የመንገድ ዕቃ አላየንም። ቀላል ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ፣ አቧራ ሲነሣ መሸፈኛ፣ በድንገት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሲያስፈልግ መስቀለኛ የሚጣፋ ልብስ ይሆናል። በመንገድ ላይ ለቅሶ ያጋጠመው እንደ ሆነም ጥለቱን ወደ ላይ መልሶ የሚለብስ ሰው ቃል ሳይናገር ሐዘኑን ይካፈላል። አለባበስ ቋንቋ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ፎቶግራፉ የማይነግረን

የዛሬ ወጣት የአለባበስ ትምህርቱን የሚቀስመው ከልብስ ሰፊ ወይም ከታላቅ እኅቱ ሳይሆን በእጅ ስልኩ ከሚያያቸው ሥዕሎች ነው። አንዲት ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ባለ ታኮ ጫማ ተጫምታ በሰሜን ተራራ ጫፍ ላይ ቆማ ትታያለች። ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል፤ ነገር ግን ሳይነግረን የሚያልፈው ብዙ ነው። ተራራው በየትኛው ጫማ እንደ ተወጣ አይነግረንም። ያ አንድ ፎቶግራፍ ከስንቶቹ መካከል እንደ ተመረጠ፣ ቀሚሱ ከጀርባ በስፒል ተይዞ እንደ ሆነ፣ ባለቤቲቱ በዚያ ልብስ አውቶቡስ ላይ አሥር ሰዓት ተቀምጣ እንደ ሆነ አይነግረንም። ከሁሉም በላይ ልብሱ የተገዛ፣ የተዋሱት ወይም ነጋዴ ለማስታወቂያ የሰጠው መሆኑን አይነግረንም።

በሌሎች አገሮች ይህ ነገር እስከ ሕግ ደርሷል። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ከነጋዴ ገንዘብ ወይም ዕቃ ተቀብሎ ለሕዝብ የሚያሞግስ ሰው ይህንኑ እንዲገልጽ አዟል። በኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የሰውነት ቅርጽ ተለውጦ የተሠራ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ምልክት እንዲደረግበት ሕግ ወጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጣቱ ራሱን ከሌለ ሰው ጋር እያስተያየ ገንዘቡንም መንፈሱንም እንዳይጎዳ ነው።

የእኛ ወጣት ደግሞ ገንዘቡ ትንሽ ስለ ሆነ ጉዳቱ ይበዛበታል። የወር ደመወዙን አስቀድሞ በልቶ፣ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ተበድሮ ልብስ የሚገዛ ሠራተኛ፣ ቤተሰቦቿ ለደብተርና ለመጓጓዣ የሰጧትን ገንዘብ ለፎቶግራፍ ልብስ የምታወጣ ተማሪ አሉ። ጓደኞቻቸው በስልክ አይተው ያደንቋቸዋል፤ አበሉ አልቆ ራት ሳይበሉ ማደራቸውን ግን የሚያይ የለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምክር ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ፎቶግራፍ መነሣት ነውር ነው አላልንም። መልካም አለባበሱን ለሌሎች የሚያሳይ ወጣት እውነቱንም ቢጨምርበት መምህር ይሆናል። ይህ ሱሪ በመንገድ ስንት ሰዓት ተቀመጡበት፣ የት ላይ ተሸበሸበ፣ ሸሚዙ ማታ ታጥቦ ጠዋት ደረቀ ወይስ አልደረቀም፣ ዋጋውስ ምን ያህል ነው? ይህን የሚናገር አንድ ሰው ዝም ብለው ከሚያምሩ መቶ ሥዕሎች ይበልጥ ይጠቅመናል። አቧራ የነካው ጫማም በፎቶግራፉ ላይ ቢታይ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ መንገደኛው መንገድ መሄዱን ያስረዳልና። ካኪ የምንለው የልብስ ቀለም እንኳ ስሙን ያገኘው በሕንድ አገር አቧራ ከሚባልበት ቃል ነው፤ ወታደሮች አቧራን ሊሸሹት ባለመቻላቸው መሰሉት።

ታዲያ በሻንጣው ምን እንያዝ?

ለአንድ ሳምንት ጉዞ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ሦስት ሸሚዞችና ሁለት ሱሪዎች ወይም ጉርዶች ይበቃሉ። ሦስቱ ከሁለቱ ጋር ሲቀያየሩ ስድስት ዓይነት አለባበስ ይሰጣሉ፤ አንድ ኮት ወይም ጃኬት አንዳንዴ ሲደረብ፣ አንዳንዴ ሲቀር ደግሞ ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ምስጢሩ ቀለማቸው መስማማቱ ነው። ለዚህም ቡናማ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊና ነጭ አይከዱም። በዚህ ላይ አንድ ሹራብ፣ አንድ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ በቂ ካልሲ፣ አንድ የተለመደ ጫማ፣ ለማታ ደግሞ አንድ ቀላል ጫማ ይጨመር። ከባዱን ልብስ ለብሶ፣ ቀላሉን ጠቅልሎ መያዝ ሻንጣውን ያሳንሰዋል። ኮቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጦ፣ አንዱን ትከሻ በሌላው ውስጥ አስገብቶ ያጠፈ ሰው ሲደርስ ካውያ ፍለጋ አይሮጥም።

ከመነሣታችን በፊት ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። በዚህ ልብስ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይቻላልን? የአንድ ሰዓት ጭቃ መንገድስ መሄድ ይቻላልን? ሲደርሱስ በሽማግሌ ፊት ሳያፍሩ መቆም ይቻላልን? ለሦስቱም «አዎን» የሚል መልስ የተገኘለት ልብስ ምቹም ነው፣ ያማረም ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ቢመጣ ይምጣ፤ ባይመጣም ማሳው ላይ የሚጠብቀን ሰው አለ።