ካትስ፤ ድመት ወይስ ካህን?

ጀርመንኛ የሚማር ጓደኛችን «ካትስ» የሚለውን የቤተ ዘመድ ስም ባየ ጊዜ «ድመት» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ግማሽ እውነት ነው። በክርስቲያን ጀርመኖች ዘንድ ስሙ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቅድመ አያት ከወጣ ቅጽል የመጣ ነው፤ ቃሉም ድመት ማለት ነው።

በአይሁድ ዘንድ ግን ድመት የለችበትም። «ካትስ» የሁለት የዕብራይስጥ ቃላት መነሻ ፊደላት፣ የካፍና የጻዴ፣ ግጣም ነው። ቃላቱም «ኮሄን ጼዴቅ» ናቸው። ግዕዝ የቀመሰ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም፤ ካህነ ጽድቅ ማለት ነው። ስሙን የያዘ ቤተ ሰብም ትውልዱን ከአሮን ይቆጥራል።

ቀድሞ አብዛኞቹ የዚያ አገር አይሁድ እንደ እኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1787 ዓ.ም. ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ጀርመንኛ የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዙ አዘዘ፤ ፕሩሲያም በ1812 ዓ.ም. ቋሚ የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዙ አስገደደች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለብዙዎቹ ግን ያወጣላቸው ሹም ነው። ካትስ ከአዋጁ በፊት የነበረ ስም ቢሆንም ለሁለቱም ወገን ተስማማ፤ ለመዝጋቢው ጀርመንኛ ነው፣ ለባለቤቱ የክህነት ምስክር ነው።

በ1938 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት የመጠሪያ ስማቸው አይሁድነታቸውን የማይገልጥ ወንዶች «እስራኤል»፣ ሴቶች «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ አዘዘ። ስም ብቻውን ዘርን እንደማይለይ በዚህ አዋጅ አሳዳጁ ራሱ መሰከረ። እንግዲህ ካትስ የሚባል ሰው ብናገኝ፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችን በፊት ባለስሙን እንጠይቀው።