የቶሮንቶ ጨውና አሮጌ መኪናችን

ዳንፎርዝ ላይ ቡና በጠጣን ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም፦ «አዲስ አበባ የ40 ዓመት ላዳ ቦዲዋ ደህና ሆኖ ትሠራለች፤ እዚህ ኮሮላው 12 ዓመት ሳይሞላው ለምን ይበሳሳል?»

መልሱ ጨው ነው። ከተማው በአንድ ዊንተር ከ100 ሺህ ቶን በላይ መንገድ ላይ ይበትናል። ለመቆጠብም የሚቸኩል አይመስልም፤ የዓለም ትልቁ የመሬት ውስጥ የጨው ማዕድን እዚሁ ኦንታሪዮ፣ ጎደሪች ላይ፣ ከሂውሮን ሐይቅ ስር ነው ያለው።

ጨው ብቻውን ብረት አይበላም። ውሃው ከዜሮ በታችም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ እርጥበት ይስባል፣ ዝገቱን ያፋጥናል። እናም ኮንዶ ስር ሞቅ ያለ ፓርኪንግ ያላችሁ ብዙ አትኩራሩ! ውጭ ለሚያድር መኪና ብርዱ ራሱ ዝገቱን ያዘገይለታል። የእናንተ ግን በረዶው ሌሊቱን እየቀለጠ፣ ጨዋማው ውሃ በየላሜራው መጋጠሚያ ሲገባ ያድራል።

ፓራፋንጎው ላይ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ካበጠ፣ ብዙ ጊዜ ዝገቱ ከውስጥ በልቶ መውጣቱ ነው። ስቱኮ ለጥፎ መቀባት እስከ ቀጣዩ ዊንተር ቢያቆይ ነው። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉት፤ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ከተበሳ ግን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ከመበየድ ሌላ መላ የለውም።

እኔ በርና ፓራፋንጎ ላይ ላለ ዝገት ገንዘብ አላወጣም፤ መልክ ነው፣ ይቅር። የሚያስፈራው ከስር ያለው ነው። ተንበርከኩና ከበሩ በታች ያለውን ረጅም ላሜራ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ጠጠር ካለ ደህና ነው፤ ከደነዘዘና ቡናማ ቅርፊት ከረገፈ ጊዜ አትስጡት። የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹንም እዚያው እያላችሁ እዩ። ወለሉ ተበስቶ የማርሚታ ጭስ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መኪና ሴፍቲ አያልፍም፤ ያለ ሴፍቲ ደግሞ ገዢው ታርጋ ለጥፎ አይነዳውም።

መከላከያው በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ዘይት ማስረጨት ነው፤ ክራውንም ረስት ቼክም ይሠሩታል። ለጥቂት ቀን ይንጠባጠባል፣ አከራያችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። እንደ ሬንጅ የሚደርቀውን ጥቁር ቅብ አልወደውም፤ ሲሰነጠቅ ውሃውን ከስሩ ይዞ ያስቀራል። በየበሩ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በቀጭን ፕላስቲክ ጠርጉ፤ ቅጠልና ጭቃ ከደፈናቸው በሩ ከውስጥ ውሃ አዝሎ ይከርማል።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ከጎማው በላይ ባለው ቅስት ላይ አልይዝ ካለ፣ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው።