ቀጭን ጎማ በፒስታ መንገድ፦ የሚደነዝዘው ጣት ምን ይነግረናል?

በዚህ ወር የጤና አምዳችን ስለ ብስክሌት፣ በተለይም ወጣቶቻችን «ኮርስ» ስለሚሉት ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌት እንነጋገራለን። ይህ ብስክሌት የተሠራው ለአስፋልት ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሰፈር ግን ከዋናው መንገድ እንደተገነጠለ ኮብልስቶን ወይም ፒስታ ይሆናል። ስለዚህ «እኔ የምነዳው አስፋልት ላይ ብቻ ነው» የሚል ልጅ እንኳ ጠጠር ሳይረግጥ ቤቱ አይገባም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በፋርማሲ ሥራ ላይ የማስተውለው ነገር ነው። ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች መጥተው «ጣቴን ይደነዝዘኛል፣ የነርቭ ቫይታሚን ስጪኝ» ይሉኛል። አንዳንዱ የሕመም ማስታገሻም ይጨምርበታል። የትኛው ጣት እንደሆነ ስጠይቃቸው ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩኝ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ነው።

ክርናችን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ኤሌክትሪክ እንደያዘን ያህል የሚነዝረን ነርቭ አለ። በሕክምና አጠራሩ አልናር ይባላል። ይህ ነርቭ ወደ እጅ የሚገባው በመዳፍ ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳ ብዙም አይርቅም፤ የሚሸፍነውም ነገር ጥቂት ነው። የኮርስ ብስክሌት መሪ ደግሞ ዝቅ ያለ በመሆኑ ነጂው ወደ ፊት አጎንብሶ የሰውነቱን ክብደት በከፊል በመዳፉ ላይ ያሳርፋል። በአስፋልት ላይ ያለው ጫና ይኸው ብቻ ነው። በፒስታ ላይ ግን ጎማው የረገጠው እያንዳንዱ ድንጋይ ንዝረቱን ወደ መሪው ያደርሳል፤ መሪውም ያንኑ የነርቭ መተላለፊያ ደጋግሞ ይመታል። ነጂው እንዳይወድቅ ፈርቶ መሪውን አጥብቆ ሲይዝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

እንግዲህ የቢ ቫይታሚን እንክብል ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው ይጠቅማል እንጂ የተጫነን ነርቭ አያላቅቅም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሕመሙን ይሸፍኑት ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን አያነሱትም። አዘውትሮ የሚወስዳቸው ሰው ጨጓራው ሊቆስል ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ሲነዳ ውሎ ውኃ ያልጠጣ ከሆነም ኩላሊቱን ሊጎዱት ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ግን ሕመሙ ስላልተሰማው መንዳቱን መቀጠሉ ነው። ጫናው ሳይቋረጥ ሲቀር ነርቩ የሚያዛቸው የእጅ ጡንቻዎች ይደክማሉ። ቁልፍ ማዞር፣ ሸሚዝ መቆለፍ፣ እስክሪብቶ መያዝ ያስቸግራል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ያለው ሥጋም እየጎደለ ሊሄድ ይችላል። ከብስክሌት ወርዶ እጅን ሲያፍታቱት ወዲያው የሚለቅ መደንዘዝ ብዙ አያሳስብም። ለቀናት ካልለቀቀ ወይም ጣት ከደከመ ግን ብስክሌቱን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። (እግርም አብሮ የሚደነዝዝ ከሆነ ጥፋቱን ሁሉ በብስክሌቱ ላይ አናላክ፤ ስኳር መመርመር ይገባል።)

መፍትሔው በአብዛኛው ያለው ጎማው ውስጥ ነው። ብዙ ነጂዎች ጎማ በጠነከረ ቁጥር ብስክሌቱ ይፈጥናል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ባለ 23 ወይም ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማቸውን ከ100 እስከ 120 ፒ.ኤስ.አይ ያስነፋሉ። ለስላሳ አስፋልት ላይ ይህ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ጠጠር ላይ ግን የደረቀ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ከማለፍ ይልቅ ይዘላል። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ሰውየውን ወደ ላይ በማንሳትና ሥጋውን በማንቀጥቀጥ ይባክናል። በእኔ አስተያየት ልጆቻችን ገንዘብ ከፍለው ድካም የሚገዙት እዚህ ላይ ነው።

ይህን በተግባር ያሳዩት የውድድር ሰዎች ናቸው። በፈረንሳይ ከ1896 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚካሄድ ፓሪስ–ሩቤ የሚባል የብስክሌት ውድድር አለ። ርቀቱ 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ከእኛ ኮብልስቶን እጅግ የከፋ የድሮ የድንጋይ መንገድ ነው። በጣሊያን ደግሞ በሲዬና ከተማ ዙሪያ በነጭ ጠጠር መንገዶች ላይ የሚደረግ ስትራዴ ቢያንኬ የሚባል ውድድር በ2007 እ.ኤ.አ ተጀምሯል። ተወዳዳሪዎቹ የሚነዱት የኮርስ ብስክሌት ነው፤ ጎማቸውን ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያሰፉ፣ አየሩንም እየቀነሱ መጥተዋል። በፓሪስ–ሩቤ ዛሬ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ የተለመደ ነው።

እኛም አዲስ ብስክሌት መግዛት የግድ አይደለም። ብስክሌቱ የሚችል ከሆነ ጎማው ሲያልቅ በባለ 28 መተካት ነው። ከመግዛት በፊት ግን በጎማውና በብረቱ እንዲሁም በፍሬኑ መሐል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ ጠጠር ገብቶ ጎማውን ሊይዘው ይችላል። ክብደቱ ከ60 እስከ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በባለ 28 ጎማ ፒስታ የሚነዳ ከሆነ የኋላውን ከ70፣ የፊቱን ከ65 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ጀምሮ መሞከር ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን በታች ግን አይወረድም። አየሩ ከመጠን በላይ ሲያንስ ድንጋይ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ያጣብቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያበጅለታል። ጎሚስታዎች ይህን ቀዳዳ አይተው ወዲያው ያውቁታል።

ከዚህ ሌላ የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች አለመዝቀጡን ማየት፣ ክርንን ማጠፍ፣ መሪውን ላላ አድርጎ መያዝና የእጅን ቦታ መቀያየር ይጠቅማል። ጠጠር ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቀስ ተብሎ ነው። ኩርባው ውስጥ ገብቶ የፊት ፍሬን መያዝ መውደቅ ነው። ስለ ሄልሜት ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ይደረጋል።

ሰው ቢወድቅስ? ጠጠር የገሸለጠው ቁስል ላይ ቡና መነስነስ፣ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መበተን፣ አልኮል ማፍሰስ ዛሬም አልቀረም። አልኮል ሊድን የሚሞክረውን ሥጋ ይጎዳል። የካፕሱሉ ዱቄትም ለዚህ የተዘጋጀ መድኃኒት አይደለም። የሚያስፈልገው ብዙ ንጹሕ ውኃና ሳሙና ነው። ቢያምም አሸዋው እስኪወጣ ድረስ መታጠብ አለበት፤ የቀረ አሸዋ ቁስሉን ያመረቅዛል፣ ከዳነም በኋላ ከቆዳ ሥር ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በውኃ ያልወጣ ጠጠር ካለ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ጤና ተቋም ይታያል።

የመንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም የቲታነስ ጀርም የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ ነው። አህያና ከብት የሚመላለስበት ፒስታ ለዚህ ምቹ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ ቁስሉ ደህና መምሰሉ ዋስትና አይሆንም። እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይህን ክትባት ያገኛሉ። ወንዶች ልጆቻችን ግን በሕፃንነታቸው ከተከተቡ በኋላ ብዙዎቹ ደግመው አይወስዱትም። በአፈር የቆሸሸ ቁስል የገጠመው ሰው የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ካለፈው፣ ወይም መቼ እንደወሰደ ካላወቀ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የልጁ የክትባት ካርድ ቤት ውስጥ ካለ ይዛችሁለት ሂዱ፤ ባለሙያው የሚወስነው ስንት ጊዜ እንደተከተበና መቼ እንደሆነ አይቶ ነውና።