ጦርነትንና ረሃብን ለ13 ዓመት ልጅ ማስተማር፦ ዳሰሳ

የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ለልጆች የሚያስተምር መምህር ከባድ ርዕስ ይዟል። ሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ የአይሁድ ጭፍጨፋ (ሆሎኮስት)፣ የአቶሚክ ቦምብ፣ የሩዋንዳ እልቂት አሉበት። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ የፋሽስት ወረራ፣ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች፣ ቀይ ሽብር፣ ለዓመታት የዘለቀው የኤርትራ ጦርነት አለ። ከዚህ ሁሉ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ምኑ ይነገረው? ምን ያህል? በምን መልክ?

ብዙ ጊዜ የሚታዩት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ዘመኑን በጥቂት አንቀጽ ጠቅልሎ፣ ዓመተ ምሕረትና የመሪ ስም አስይዞ ማለፍ ነው። ሌላው የሟቾችን ቁጥርና የሚዘገንን ፎቶግራፍ መደርደር ነው። በመጀመሪያው ልጁ ጥያቄው ሳይመለስለት ይቀራል፤ በሁለተኛው ፍርሃቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሁለቱ የተሻለ መንገድ በልዩ ልዩ አገሮች ሲሞከር ቆይቷል። ይህ ዳሰሳ ያንን ልምድ ይቃኛል፤ ለእኛ ክፍሎች ምን እንደሚጠቅምም ያያል።

የዕድሜው ነገር

በአዲሱ የኢትዮጵያ የትምህርት አደረጃጀት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ናቸው። ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት የሚሆነው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ከጂኦግራፊ ጋር ተቀናጅቶ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ የአገሩንና የዓለምን መከራ በመጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የሚያገኘው በዚህ ደረጃ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርስ ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሌላ ዕድል አያገኝም።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆች ከ11 እና ከ12 ዓመት ጀምሮ በዓይን በማይታይና በእጅ በማይጨበጥ ሐሳብ ማሰብ እንደሚጀምሩ ጽፏል። ፍትሕ፣ ሥልጣን፣ ኃላፊነት የሚባሉት ነገሮች ለልጁ ትርጉም የሚሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየምም ለመምህራን ባዘጋጀው መመሪያ፣ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች የአንድን የዓይን ምስክር ታሪክ ሰምተው ሕመሙን መጋራት እንደሚችሉ ይገልጻል። ልጁ በዚህ ዕድሜ «ለምን?» ይላል፤ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎም ራሱን ይጠይቃል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የማያስተናግድ ትምህርት ለፈተና ይሸመደዳል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ጀርመን የራሷን ወንጀል ለራሷ ልጆች የማስተማር ግዴታ ወድቆባታል። ከሠራቻቸው ነገሮች አንዱ ትምህርቱን ወደ ሰፈር ማውረድ ነው። ጉንተር ዴምኒሽ የተባለው አርቲስት እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሥራ በናዚ ዘመን የተጋዙ ሰዎች ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ስማቸውና የደረሰባቸው ነገር የተቀረጸበት ትንሽ የናስ ሰሌዳ መትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተተከሉት 100,000 ደረሱ። በብዙ ከተሞች ተማሪዎች መዝገብ ቤት ገብተው የሰዎቹን ታሪክ ያጠናሉ፤ ሰሌዳው ሲተከልም ይገኛሉ። በብራውንሽቫይግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተውና ዛሬ በጆርጅ ኤከርት ስም የሚጠራው ተቋም ደግሞ የተዋጉ አገሮች የመማሪያ መጻሕፍታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያርሙ ሲሠራ ኖሯል። ጀርመንና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2006 ለከፍተኛ ክፍሎች አንድ የጋራ የታሪክ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሰዋል።

ጃፓን ሁለት ገጽ አላት። በአንድ በኩል የታሪክ ምሁሩ ሳቡሮ ኢየናጋ መንግሥት የመማሪያ መጽሐፋቸውን ሲያርምባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ክስ መሠረቱ። ክርክሩ በየደረጃው ቀጥሎ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ፍርድ ቤቱም በሰዎች ላይ ሙከራ ስላደረገው የጃፓን ጦር 731 ክፍል የተጻፈውን ማስወጣት ሕገ ወጥ እንደነበር ወሰነ። በሌላ በኩል የሂሮሺማ ትምህርት በአንዲት ልጅ ታሪክ ዙሪያ ተገንብቷል። ሳዳኮ ሳሳኪ ቦምቡ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በደም ካንሰር ስትሞት 12 ዓመቷ ነበር። አብረዋት የተማሩ ልጆች ገንዘብ አሰባስበው መታሰቢያ እንዲቆም ቀሰቀሱ፤ ሐውልቱም በ1958 በሰላም መናፈሻው ውስጥ ተመረቀ። ዛሬም ከመላ ጃፓን የሚመጡ ተማሪዎች ከወረቀት ያጠፏቸውን ወፎች እዚያ ያኖራሉ። ይህን ሐውልት ያስቆሙት የእነርሱ እኩዮች መሆናቸው ለልጆች ትልቅ ነገር ነው።

በአሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ዊትዌል በምትባል ትንሽ ከተማ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ሆሎኮስት ሲማሩ ስድስት ሚሊዮን ሟች ምን ያህል እንደሆነ መገመት ተሳናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የወረቀት መያዣ ሽቦ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሽቦው ከመላው ዓለም ጎረፈላቸው፤ በመጨረሻም በአንድ የጀርመን የባቡር ፉርጎ ውስጥ መታሰቢያ አቆሙበት። በቦስተን አጠገብ በብሩክላይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ለ8ኛ ክፍል ከተዘጋጀ ትምህርት «ታሪክንና ራሳችንን መጋፈጥ» የሚል ስም ያለው ድርጅት ተወልዷል። ማዕከላዊ ጥያቄው ተራ ሰዎች ለምን ገዳይ፣ ተመልካች ወይም አዳኝ ይሆናሉ የሚል ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በኋላ የአገሩን ታሪክ ማስተማር ለዓመታት ቆሞ ነበር፤ የትኛው ታሪክ እንደሚነገር ስምምነት አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ጉዳዩ ቦታ አግኝቷል። የኪጋሊ መታሰቢያ ስለ ሕፃናት የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ በየፎቶው ሥር ልጁ ይወደው የነበረው ምግብ ወይም ጨዋታ፣ ከዚያም እንዴት እንደሞተ ተጽፏል። ካምቦዲያም ከኬሜር ሩዥ አገዛዝ ውድቀት በኋላ ለ28 ዓመታት ያህል ቆይታ፣ ስለዚያ ዘመን ለተማሪዎች የሚሆን ራሱን የቻለ መጽሐፍ የታተመላት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ከልምዱ የወጡ መርሆች

እነዚህ አገሮች በብዙ ቢለያዩም የሚገናኙባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከአንድ ሰው መጀመር ነው። ብዛቱ ያለ ሰው ፊት አይገባም፤ ሳዳኮ ወይም በኪጋሊ ፎቶው የተሰቀለ አንድ ልጅ ግን በቶሎ ይገባል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ልጁን ከምንጭ ጋር ማገናኘት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሳም ዋይንበርግ የታሪክ ባለሙያዎች ሰነድ ሲያነቡ ምን እንደሚያደርጉ አጥንተው ሦስት ልማዶችን አውጥተዋል፦ ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ፣ በዘመኑ ውስጥ አስቀምጦ ማየት፣ ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር። ቋንቋው ከቀለለና ሰነዱ ካጠረ ይህን የ8ኛ ክፍል ልጅም ይሠራዋል።

ሦስተኛው መከራን የሰው ውሳኔ ውጤት አድርጎ ማሳየት ነው። ትዕዛዝ የሰጠ፣ የፈረመ፣ ዝም ያለ፣ በሩን ከፍቶ የደበቀ ሰው ነበር። ታሪኩ እንደ ጎርፍ ራሱ መጥቶ ራሱ የሄደ መስሎ ሲቀርብ ልጁ የሚማረው ተስፋ መቁረጥን ነው።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። የኢየሩሳሌሙ የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼም ልጁን በሰላም ማስገባትና በሰላም ማስወጣት የሚል መርሕ ይከተላል፤ ትምህርቱ በሕይወት ይጀምራል፣ በተረፉት ሰዎች ቀጣይ ኑሮ ይዘጋል። የአስከሬን ፎቶ የማስደንገጫ መሣሪያ አይሆንም። ተማሪዎችን ከሁለት ከፍሎ አንዱን ወታደር አንዱን እስረኛ አድርጎ ማጫወትም አይመከርም፤ የተበዳዩን ሥቃይ ያቀላል፣ ልጆቹንም ሊጎዳ ይችላል።

የእኛው መዝገብ

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት ትምህርት የሚሆን ሀብት አላት። ኮረምን እንውሰድ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በፊት የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በዚያ አካባቢ ሰፍሮ ነበር፤ የፋሽስት አውሮፕላኖችም የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። የቀይ መስቀሉ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ጁኖድ በጋዙ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። እኚሁ ሐኪም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1945፣ 15 ቶን ያህል መድኃኒት ይዘው ሂሮሺማ ገቡ። የእኚህን አንድ ሰው መንገድ በካርታ ላይ የተከተለ ተማሪ የአገሩ መከራና የዓለም መከራ የተያያዙ መሆናቸውን በራሱ ይደርስበታል።

ጋዙ ራሱ የማመሳከር ትምህርት ነው። በጦርነት የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል፣ ጣሊያንም የፈረመችው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ስለ ጋዙ ተናግረዋል። የጁኖድ ምስክርነት አለ። በሌላ ወገን የጣሊያን ረጅም ክህደት አለ፤ የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለተማሪው የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ እውነቱ ስድሳ ዓመት ለምን ፈጀ?

የካቲት 12ም እንዲሁ ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ለቀናት ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በኢትዮጵያ በኩል ስለ አዲስ አበባው እልቂት የሚጠቀሰው ቁጥር 30,000 ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ገምተዋል። ልጆች ቁጥሮቹ ለምን እንደተለያዩ፣ ማን እንዴት እንደቆጠረ ቢጠይቁ ለሰማዕታቱ ያላቸው ክብር አይቀንስም፤ ይልቁንም ማስረጃ የመመርመር ልማድ ይይዛሉ።

ረሃቡም ከዝናብ መጥፋት በላይ ነው። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል ሳይቀንስ ሰዎች ያለቁት የመግዛት አቅማቸው በመጥፋቱ ነው ሲል ተከራክሯል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ላይ የሰሜኑ ጦርነትና የመንግሥት ውሳኔዎች ተደርበውበት ነበር። በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ፤ ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከዚያችው ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ የሚጠይቀውን አያጣም።

በደርግ ዘመን የተፈጸመው ቀይ ሽብር ከሁሉም ይበልጥ ስሱ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ገና ተማሪዎች ነበሩ። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከእስር የተረፉ ሰዎች ጎብኚ የሚያስረዱበት ቦታ ነው። ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የሟች የልጅ ልጅና የአብዮት ጠባቂ የልጅ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። መምህሩ ወንጀሉን በስሙ መጥራት አለበት፤ ጥፋት በደም እንደማይወረስም አብሮ መናገር አለበት። ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው በቅርቡ ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ለእነርሱ ጦርነት የመጽሐፍ ርዕስ አይደለም። የደረሰባቸውን በክፍል ፊት እንዲናገሩ መጠየቅ አይገባም፤ መናገር ሲፈልጉ ግን ለብቻ የሚያዳምጣቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

በባሕር ማዶ

ጉዳዩ ከአገር የወጡ ቤተሰቦችንም ይነካል። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ወደ እስራኤል ለመድረስ በእግር ወደ ሱዳን ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ያህሉ በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እዚያ የሚያድግ ልጅ የአያቶቹን ጉዞ ሲማር የዚያኑ ዘመን ረሃብና ጦርነትም አብሮ መማር አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ ከደርግ ሸሽተው የኖሩ ወላጆች ልጆችም ቤታቸው ውስጥ የማይወራ ነገር እንዳለ ያውቃሉ።

ምን ይደረግ?

ስለዚያ ዘመን በአማርኛ ለአዋቂ የተጻፈ ብዙ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ብቻውን አንብቦ የሚረዳው ጥቂት ነው። ደራሲዎቻችንና አሳታሚዎቻችን ይህን ቦታ ሊሞሉ ይገባል። መምህራን ደግሞ አጫጭር ምንጮች ተመርጠው፣ ከጥያቄና ከማስጠንቀቂያ ጋር የቀረቡበት መምሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ያህል ከባድ ነገር በባዶ እጅ አስተምሩ ማለት አይቻልም።

በጣም የሚያስቸኩለው ግን የምስክሮች ጉዳይ ነው። የጣሊያንን ወረራ በአዋቂነት ያየ ሰው ከእንግዲህ የለም ማለት ይቻላል። የ1977ን ረሃብ በ20 ዓመቱ ያየ ሰው ግን ዛሬ ከ60 በላይ ሆኖ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አያት ነው። ተማሪው ፈቃዱን ጠይቆ ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ ምን ሆነ? ማን ረዳህ? አንተስ ማንን ረዳህ? መልሱን ጽፎ ክፍል ያምጣ፤ ከጓደኞቹ መልስና ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የገጠርም የከተማም ትምህርት ቤት ያደርገዋል። የተሰበሰበው ጽሑፍ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የአካባቢያቸው የታሪክ መጽሐፍ ይሆናል። ሥራውን በዚህ ዓመት መጀመር ይቻላል፤ አያቶቹ በሕይወት ሳሉ።