የቁስ አመዳደብ፦ ከአፍዴራ ጨው እስከ ባትሪ ውሃ

በኬሚስትሪ ቁስ የሚባለው በሚዛን የሚለካና ቦታ የሚይዝ ነገር ሁሉ ሲሆን፣ ይህን ስፍር ቁጥር የሌለውን ዓይነት በጥቂት ክፍሎች ለመመደብ ሳይንሱ የሚያነሣው ዋና ጥያቄ ነገሩ ምን ይመስላል የሚል ሳይሆን በምን መንገድ ወደ ምን ይለያያል የሚል ነው። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ የሚለው ክፍፍል በዓይን የሚታይ በመሆኑ ለተማሪ ቀድሞ ቢነገርም የቁሱን ማንነት አይገልጽም፤ በረዶ፣ ውሃና እንፋሎት ሦስቱም አንድ ቁስ ናቸውና። እንዲያውም ቁሱ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ሙቀት እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ በምትገኘው ቤቴል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የተጣደ ውሃ የሚፈላው እንደ ባሕር ዳርቻ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ የተገኘባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ማለትም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት፣ በጥንቱ የግሪክ ፍልስፍናም የነገር ሁሉ መሠረት ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። የአውሮፓ ኬሚስቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህኑ አራቱን እየለያዩ ሲመረምሩ ግን እያንዳንዱ በተለያየ ክፍል ውስጥ ዐረፈ፤ አፈር ክፍሎቹ በዓይን ጭምር የሚለዩ ድብልቅ፣ አየር 78 በመቶ ናይትሮጅንና 21 በመቶ ኦክስጅን ከጥቂት ሌሎች ጋዞች ጋር የተቀላቀሉበት ወጥ ድብልቅ፣ ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው የፈጠሩት ውሁድ ሆኖ ሲገኝ፣ እሳት ደግሞ የሚነድ ነገር ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀትና ብርሃን የሚለቀቅበት ሂደት እንጂ ራሱን የቻለ ቁስ አለመሆኑ ታወቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ዓላማ የሰውን ተፈጥሮ ማስረዳት በመሆኑ በዚህ ምርመራ የሚነሣም የሚወድቅም አይደለም። ፈረንሳዊው ላቮአዚየ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ ወዲያ ሊከፈሉ ያልቻሉ 33 ንጥረ ነገሮችን ሲዘረዝር ብርሃንንና ሙቀትን ጭምር አስገብቶ ነበር፤ ሆኖም መለኪያው “እስካሁን ሊከፈል አልቻለም” የሚል ስለነበረ፣ በኋላ የመጡ ሙከራዎች መለኪያውን ሳይነኩ ዝርዝሩን እያረሙ ዛሬ 118 ንጥረ ነገሮች ላይ አድርሰውታል።

ይህን አመዳደብ ከምግብ ጨው የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት ጨው ብዙው የሚመጣው ከባሕር ጠለል በታች ከሚገኘው ከአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ሲሆን፣ የሐይቁ ውሃ ሙሙት፣ ማለትም የሟሙት ጨዎች በአሟሚው ውሃ ውስጥ በእኩል የተሰራጩበት ወጥ ድብልቅ ነው። ውሃው ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ተስቦ በፀሐይ ሲተን ጨው ይረጋል፤ ከብዙ ዓይነት ጨዎች መካከል አስቀድመው የሚረጉት በቀላሉ የማይሟሙት የካልሲየም ጨዎች ሲሆኑ፣ መራራዎቹ የማግኒዥየም ጨዎች በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ። እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሁሉ አካላዊ መለየት ነው፤ አዲስ ቁስ አልተፈጠረም፣ የነበረውም አልጠፋም።

የተገኘው ነጭ ቅንጣት፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ቢፈጭ፣ ቢነፋ፣ ቢሟሟና ዳግም ቢረጋ ያው ጨው ነው። በ801 ዲግሪ ቀልጦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ከአንድ ኪሎ ጨው 393 ግራም ያህል በቢላ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው በኃይል የሚቃጠል ሶዲየም የተባለ ብረት፣ 607 ግራም ያህል ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ መልክ ያለው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እነዚህ ሁለቱ የበለጠ በኬሚካዊ መንገድ ስለማይከፈሉ ንጥረ ነገር ይባላሉ፤ ጨው ከእነርሱ የተዋሐደ ስለሆነ ውሁድ ይባላል። የአንዳቸውም ጠባይ በውሁዱ ውስጥ ፈጽሞ አለመታየቱ፣ ሁለት አደገኛ ነገሮች ተዋሕደው ሰው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለውን ምግብ መስጠታቸው፣ ከመላው ኬሚስትሪ እጅግ አስደናቂው ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨው ከአፍዴራ ይምጣ፣ በጥንት ዘመን እንደ ገንዘብ ካገለገለው አሞሌ ይፈቅፈቅ፣ የሁለቱ ምጥጥን አይለወጥም፤ ውሁድን ከድብልቅ የሚለየውም ይኸው ቋሚነት ነው።

በቤቴል ሱቆች በፌስታል ታሽጎ የሚሸጠው አዮዲን ያለው ጨው ግን እንደገና ወደ ድብልቅ ክፍል ይመለሳል፤ እንቅርትን ለመከላከል ፖታሲየም አዮዴት የተባለ ውሁድ በጥቂቱ ተረጭቶበታልና። በማዕድ ቤት ደረጃ በአንድ ኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን እንዲኖር ይፈለጋል፤ መጠኑ ከፍና ዝቅ ሊል መቻሉ ራሱ የድብልቅነቱ ምልክት ነው።

ወጥ ድብልቅን ወጥ ካልሆነው መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ወተት ለዓይን ወጥ ቢመስልም በማይክሮስኮፕ ሲታይ በውሃ መካከል የተበተኑ የስብ ጠብታዎች ይታዩበታል፤ እንዲህ ያለው በሁለቱ መካከል የሚውል ድብልቅ ኮሎይድ ይባላል። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡት ለውጡ ኬሚካዊ ነው፤ እርጎው በቅል ሲናጥ ግን ጠብታዎቹ እየተጋጩ ተያይዘው ቅቤ ሆነው የሚወጡት በአካላዊ መንገድ ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አሲዱ ያዳከመው ፕሮቲን ተሰብስቦ አይብ ይሆናል፣ የሚቀረው አጓትም የቀረውን ስኳርና ማዕድናት የያዘ ሙሙት ነው። ባለሙያ እናቶች በአንድ ቅልና በአንድ ድስት የሚያካሂዱት ይህ ተከታታይ ሥራ፣ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ቢታይ የተሟላ የመለየት ጥበብ ነው።

አረቄ ደግሞ የመለየትን ወሰን ያሳያል። ድፍድፉ ሲሞቅ ከውሃ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው አልኮል በብዛት ይተናል፣ እንፋሎቱም በመቃ አልፎ በውሃ በሚቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። በመጀመሪያው የሚገኘው ተራ አረቄ ሲሆን እርሱ እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ ዳግሙ የሚበረታው እንፋሎቱ ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ስለሚወጣ አንድ ጊዜ ማንጠር ስለማይበቃ ነው። ይሁንና ማንጠሩ የቱንም ያህል ቢደጋገም አልኮሉ በክብደት 96 በመቶ ገደማ ሲደርስ ፈሳሹና እንፋሎቱ አንድ ዓይነት ይሆኑና መለየቱ ይቆማል፤ ስለዚህ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ይኸው አልኮል፣ ማለትም ኤታኖል፣ ቀሪ ውሃው በሌላ ዘዴ መወገድ አለበት።

ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ፣ የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ ከሆነው ከገፈርሳ ግድብ የመጣውም ቢሆን፣ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ለመጠጥ ቢበቃም በኬሚስትሪ አመዳደብ ማዕድናት የሟሙበት ድብልቅ ነው። በመኪና ባትሪ ውስጥ ሲጨመር እነዚያው ማዕድናት በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ እየተጠራቀሙ ዕድሜውን ያሳጥሩታል፤ መካኒኮች የባትሪ ውሃ ብለው የሚጨምሩት እንፋሎቱ ተይዞ የተነጠረ፣ ከሌላ ቁስ ጋር ያልተቀላቀለ ውሁድ ለመሆን እጅግ የቀረበ ውሃ የሆነውም ለዚህ ነው።